ያልሰማነው ክላክስ

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ትንሽ ልጅ ጆሮውን አሞት ሲያለቅስ ዋለ። ልጠይቀው ስገባ እናቱ ጥቂት የሰሊጥ ዘይት በማንኪያ ይዛ ሻማ ላይ ታሞቃለች። ዘይቱ ሞቅ ሲል የሚወጣው ሽታ ገና ከበሩ ተቀበለኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ምነው? አንቺንም አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

«አይ፣ ደህና ነኝ። ሦስተኛ ክፍል ደርሼ እየተመለስኩ ነው» አልኳት።

አልገባትም። ልጁ ዝም ብሎ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ነገርኳት። እዚህም የምጽፈው ያንኑ ነው።

ሦስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት የድሬዳዋ የሙቀት ወራት፣ ሰው ሁሉ ቋንቋውን የቀየረብኝ መስሎኝ ነበር።

ሌላ ከተማ ላደገ ልጅ ይሄ እብደት ይመስል ይሆናል። እኛ ግቢ ግን የሚያስደንቅ ነገር አልነበረውም። ከዚራ በሚባለው ዛፍ የሞላበት ሰፈር ዳር፣ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር አንድ ግቢ ተጋርተን ነበር የምንኖረው። ከጎናችን ያለችው አዴ ፋጡማ ከባሏ ጋር ሶማልኛ፣ ከእናቷ ጋር ኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር አማርኛ ታወራለች። ስትቆጣ ደግሞ ሦስቱንም ባንድ ትንፋሽ። ልጇ ሂንድ እኩያዬና ጓደኛዬ ናት። እኔ ቤት ውስጥ የማውቀው አማርኛ ብቻ ቢሆንም፣ ሰው አንዱን ቃል ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ አንስቶ ሲያወራ መስማት ለምጄዋለሁ። የማላውቀው ቃል ሲመጣ አልደነግጥም። ያልፋል፤ የማውቀው ይመጣል።

በዚያ ሰሞን ግን የማውቀው መምጣቱን ተወ።

መጀመሪያው በርሜሉ ይመስለኛል። ውኃ በመጣ ቁጥር እማዬ የግቢውን ትልቅ በርሜል ትሞላለች። እኔና ሂንድ ደግሞ እሷ ሥራ ስትሄድ ጠብቀን ጭንቅላታችንን እየነከርን ማን ብዙ ይቆያል እያልን እንወዳደራለን። አንድ ቀን ከበርሜሉ ስወጣ ጆሮዬ ውስጥ ውኃ የቀረ መሰለኝ። በአንድ እግሬ ዘለልኩ፣ ራሴን ነቀነቅኩ። አልወጣም። ነገ ይወጣል ብዬ ተኛሁ። በነጋታው ነገሩን ለመድኩት፤ ከለመድኩት በኋላ ደግሞ ረሳሁት።

ከዚያ የቤታችን ቬንትሌተር ድምፁ ጠፋ። አባዬ ከፋብሪካ ሲመጣ፣

«አባዬ፣ ቬንትሌተሩ ተበላሽቷል» አልኩት።

ቀና ብሎ አየው። በፍጥነት ይሽከረከራል፤ መጋረጃው ይውለበለባል። እኔን አየኝ፤ አንድ ነገር አለኝ። የሰማሁት መጨረሻውን ብቻ ነው፤ እሱም አማርኛ አልመሰለኝም። አባዬ ሶማልኛ እየተማረ ነው ብዬ አሰብኩ። ፋብሪካ ውስጥ ሁሉም ዓይነት ሰው አለ፤ ተምሮ ይሆናል። ትንሽ ቆይቶ እማዬም ተማረች። ሂንድ ራሷ አንዳንዴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታወራ አልገባኝ ይል ጀመር።

«ይሄ ኦሮምኛ ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«የቱ?»

«አሁን ያልሽው።»

«አቦ! አማርኛ ነው እንጂ! ወላሂ አንቺ ልጅ አበድሽ» አለችና ሳቀች። ያንን በደንብ ሰማሁት፤ ፊት ለፊቴ ቆማ ነበር የጮኸችው።

ትምህርት ቤት ነገሩ እየባሰ ሄደ። ቲቸር አስቴር የቃል ጽሕፈት ስታጽፈን በዴስኮቹ መሐል ወዲያና ወዲህ ትላለች። ወደ እኔ ስትመጣ እሰማለሁ፤ ጀርባዋን ስትሰጠኝ የምሰማው የሆነ ጉምጉምታ ነው። ጉምጉምታውን ደግሞ እንዲሁ አልተወውም፤ ቃል አደርገዋለሁ። አንድ ቀን «ገበሬው ማሳውን አረሰ» ብላ አጻፈች። እኔ «ገበሬው ምሳውን ረሳ» ብዬ ጻፍኩ። አስነስታ ጮክ ብለሽ አንብቢ አለችኝ። አነበብኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ምን እንዳሳቃቸው ባላውቅም አብሬያቸው ሳቅኩ። መሳቄ ነው ቲቸር አስቴርን ያናደዳት። እየቀለድኩባት መሰላት።

እኔ ደነዘዝኩ ብዬ ነው ያመንኩት። ሌላው ልጅ ሁሉ የሚገባው ነገር ለእኔ የማይገባኝ ከሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ማታ ማታ ፊቴን ወደ ግድግዳ አድርጌ የማባዛት ሰንጠረዥ ለራሴ በቃሌ እል ነበር፤ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረ ነገር እንዳለ ለማየት። አለ። ያም አላጽናናኝም።

ቲቸር አስቴር እማዬን አስጠራቻት። ልጅቷ ጎበዝ ነበረች፣ አሁን ሐሳቧ ክፍል ውስጥ የለም፤ በዚህ ከቀጠለች ሦስተኛን ብትደግም ይሻላታል ብላ እንደነገረቻት በኋላ ሰማሁ። በዚያን ቀን ያየሁት የእማዬን ፊት ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት እስከ ቤት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ወይም ተናግራ አልሰማኋት ይሆናል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ድሬ በሙሉ በሙቀቱ በር ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት፣ እናትና አባቴ በመጋረጃው ማዶ ቁጭ ብለው ሲነጋገሩ ነቃሁ። ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። የአባዬ ድምፅ ወፍራም ስለሆነ አልፎ አልፎ ይደርሰኛል።

«… ቢዮ አዋሌ ትሂድ … እህቴ ጋ …»

እማዬ አንድ ነገር አለች።

«… የሚነገራት አይገባትም … ሰው ሁሉ ተማሮባታል …»

«… ታሳዝነኛለች ግን …» ይሄን ያለችው እማዬ ናት።

«… እዚያው ትክረም …»

ተነሥቼ ተቀመጥኩ። የአባዬ እህት እቴቴ ብርሃኔ ከድሬዳዋ ወጣ ባለችው ቢዮ አዋሌ ትንሽ ሱቅ ነበራት። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ደግ ሴት ናት፤ ግን ቤቷ ቤታችን አይደለም። ጆሮዬ የሚያቀብለኝ ቁርጥራጭ ነበር፤ ጎደሎውን የምሞላው እኔ ነኝ። የምሞላውም በምፈራው ነገር ነበር። ደንዝዣለሁ፣ ሰው ተማሮብኛል፣ እማዬ ታዝንልኛለች፣ ግን እሄዳለሁ። ሁሉም ነገር ገጠመ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማረጋገጫው መጣ። ፍየል ነበረችን፤ ነጭ፣ አንድ ጆሮዋ ጥቁር፣ ጠዋት ጠዋት የምትታለብ። አባዬ እግሯን አስሮ ቢዮ አዋሌ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ጫናት። ሂንድ እየሮጠች ሸኘቻት። እኔ በር ላይ ቆሜ፣ ወተቴ ቀድሞኝ ሄደ ብዬ አሰብኩ። እዚያ ስደርስ እንዳይቸግረኝ አስበውልኝ ነው። ይሄም አባዬ እንደሚወደኝ ነገረኝና ይብስ አስለቀሰኝ። በዚያው ቀን ሁለት ቀሚስ፣ ሹራብና የጥርስ ብሩሼን በፌስታል አድርጌ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩ። ድንገት ተነሺ ቢሉኝ እንዳልቸኩል።

በዚያ ሁሉ ውስጥ ከማንም በላይ የሚመቸኝ አያቴ ነበር። አባባ እንለዋለን፤ የእማዬ አባት ነው። ዕድሜውን በሙሉ በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከእኛ ጋር ይኖራል። ሥራው እኔን ትምህርት ቤት ማድረስና መመለስ ነበር። ለዚህ ሥራው በየማለዳው ጫማውን ይቀባል፣ ባርኔጣውን ይቦርሻል። ልጄ አምናኝ የሰጠችኝ አደራ ነው ይላል።

ከአባባ ጋር መሄድ የሚመቸኝ ጥያቄ ስለማይጠይቀኝ ነው። እሱ ሲያወራ እኔ አፉን አያለሁ፤ ወፍራም ከንፈሩ እያንዳንዱን ቃል ሠርቶ ነው የሚያወጣው። እኔ ሳወራ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። እጄን ይዞኝ በዛፎቹ ጥላ ሥር እንሄዳለን። አባባ ስላለ መንገዱን አላይም ነበር።

አደጋ ሊደርስብን የነበረ ቀን በስድስት ሰዓት ከትምህርት ቤት ወጥተን ወደ ቤት እንሄድ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጥላው ወደ ሌላው ጎን ስለዞረ መንገድ ልንሻገር ገባን። አባባ አንድ የድሮ ፎርማን ታሪክ እያወራልኝ ነው፤ እኔ አንጋጥጬ አፉን እያየሁ ነው። ከመንገዱ ዳር ጥቂት እልፍ እንዳልን አንድ ማንጎ ከእግራችን አጠገብ እየተንከባለለ አለፈን።

አባባ ቆመ። ሌላ ማንጎ መጣ። ከዚያ ሦስት አራት ሆነው፣ ቢጫና አረንጓዴ፣ አስፋልቱ ላይ እየዘለሉ።

ዞር አልን። አንድ ባጃጅ ከኋላችን፣ እጃችንን ብንዘረጋ በምንነካው ርቀት፣ የፊት ጎማው የዛፍ ሥር ላይ ወጥቶ ጋደል ብሎ ቆሟል። ሾፌሩ፣ ወጣት ነው፣ ዘሎ ወርዶ አፉን ከፍቶ ወደ እኛ ይመጣል። አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ አያለሁ። ቅርባችን ሲደርስ ነው ድምፁ የመጣው።

«… ከዚያ ጀምሬ ክላክስ ሳደርግ! ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል እኮ! ሁለታችሁም ደንቆሮ ናችሁ እንዴ?»

አባባ እጄን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ከባጃጁ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ወረደች።

«ተዋቸው አቦ!» አለችው ሾፌሩን። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ ከላይ እስከ ታች አየችንና ደረቷን ይዛ፣ «ወላሂ አላህ ነው ያተረፋችሁ። ደህና ናችሁ? ልጅቷ ደህና ናት?» አለችን።

ደህና ነበርን። ጭረት እንኳ አልነካንም። ማንጎዎቹን አብረን ለቀምን፤ አባባ እንኳ በሚያመው ጉልበቱ ጎንበስ ብሎ ለቀመ። ሾፌሩም በርዶለት ባጃጁን ስንገፋ «ይቅርታ አባት፣ ደንግጬ ነው» አለው። ሴትየዋ አንዱን ማንጎ በግድ እጄ ላይ አድርጋልኝ ሄዱ።

አባባ ከአንድ ቪላ አጥር ሥር ያለ የድንጋይ መደብ ላይ ቁጭ አለ። ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱ አዞረው።

«ክላክሱን አልሰማሽም?»

«አልሰማሁም።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።» ከዚያ ጠየቅኩት። «አንተስ?»

«ዙሪ» አለኝ። ዞርኩ። ግድግዳውን እያየሁ ጠበቅኩ። ጠብቄ ጠብቄ ሲሰለቸኝ ዞር ስል፣ አባባ የቤቱን ቁልፎች ከፍ አድርጎ ይዞ እያርገፈገፈ ነው፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ።

«ሁሉም ሰው ቋንቋ ከቀየረ ጀምሮ» አልኩት። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ መደንዘዜን፣ የገበሬውን ምሳ፣ ክፍሉ ሲስቅ መሳቄን። አንዳንዱን ሳይሰማ ቀርቶ ይሆናል። ግን ስለ ሳቁ ስነግረው ብድግ አለ።

«ሲስቁ አብረሽ ትስቂያለሽ? ምን እንደሆነ ሳታውቂ?»

«አዎ።»

«ትንሽ ዘግይተሽ?»

«አዎ። አንተ ስትስቅ አይቼ እስቃለሁ።»

«እኔ ደግሞ አንቺን አይቼ ነው የምስቀው» አለ። ወዲያው ሳቀ፤ እንባው እየወረደ ሳቀ። «አይ እንግዲህ! ቤታችን ውስጥ ሁለት ሞኞች እየተያየን ስንስቅ ከርመናል!»

ያኔ ነገረኝ። ብረት ሲቀጠቀጥ የሚወጣው ድምፅ ጆሮውን ከበላው ቆይቷል። መጀመሪያ ቀጭን ቀጭኑ፣ ቀጥሎ የሴትና የሕፃን ድምፅ፣ ከዚያ ከቅርብ ፊት ለፊት ካልተነገረው በቀር ሌላው ሁሉ ሄደ። ለማንም አልተናገረም። ሰው ሲያወራ ራሱን መነቅነቅ፣ ሰው ሲስቅ መሳቅ፣ ጥያቄ ሲመጣ «እግዜር ያውቃል» ማለት ተማረ። መንገድ ላይም አልፈራም፤ ምክንያቱም እኔ አለሁ። የልጅ ጆሮ ስል ነው፤ መኪና ቢመጣ እጄን ትስባለች ብሎ ያስብ ነበር። እኔም አባባ አለ ብዬ አስብ ነበር።

«ስሚኝ» አለኝ፤ አሁን እያንዳንዱን ቃል ለይቶ። «ጭንቅላትሽ ምንም አልሆነም። ጆሮሽ ነው። ገባሽ? ጆሮሽ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም።»

ይህን ሲለኝ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከደረቴ ላይ ሰው የተነሣ ያህል ተነፈስኩ። ማንጎውን ላጥኩና በላሁት፤ አገጬ ላይ እየፈሰሰ፣ ግማሹን ለእሱ እየሰጠሁ።

ቤት ስንደርስ እማዬ ለምሳ ከቢሮ ተመልሳለች፤ አባዬም ተረኛ ስላልነበር አለ። ምሳ ቀርቦ ሁላችንም ቁጭ ስንል አባባ እጁን ገበታው ላይ አሳረፈ።

«ይህች ልጅ አትሰማም» አለ።

«እሱንማ ነው እኔም የምለው፣ አትሰማም!» አለች እማዬ።

«እልኸኛ ናት አላልኩሽም። ጆሮዋ አይሰማም። ሐኪም ቤት ትሂድ።» ከዚያ የመንገዱን ነገር ነገራት። ክላክሱን፣ ባጃጁን፣ ማንጎውን።

እማዬ ደነገጠችና እኔን ጎትታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችኝ። እየዳበሰችኝ ወደ አባባ ዞረች።

«እሷ አልሰማችም እሺ። አንተስ? አንተ የት ነበርክ?»

አባባ ዝም ማለት ይችል ነበር፤ የለመደበትን «እግዜር ያውቃል» ማለትም ይችል ነበር። የተወለወለ ጫማውን አየ።

«አጠገቧ ነበርኩ» አለ። «እኔም አልሰማሁም። እኔ ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል፣ ልጄ።»

አባዬ «እርስዎ?» ብሎ ቀረ። እማዬ ፊቷ ተለዋወጠ፤ መጀመሪያ ቁጣ፣ ቀጥሎ ሌላ ነገር።

«ልጄን በእጅህ ሰጥቼህ?» አለችው። «አንድ ቀን እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርሽ አትሰጪኝም ነበራ» አለ አባባ።

እማዬ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት የምታደርሰኝ እሷ፣ የሚመልሰኝ አባዬ ሆነ። አባባ በማለዳ ተነሥቶ ጫማውን ይቀባና ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቁጭ ይላል።

ሐኪም ቤት የመረመረችኝ ሲስተር ጆሮዬ ውስጥ መብራት አብርታ አየችና ሳቀች። ኩክ ነው አለች። በሁለቱም በኩል ደርቆ፣ ውኃ ጠጥቶ አብጦ፣ ቡሽ እንደ ተወተፈበት ጠርሙስ ደፍኖታል። ከኋላው ጤነኛ ነው። ለጥቂት ቀን ዘይት አሙቁና አንጠባጥቡላት፣ ከዚያ አምጧት ብላ ሰደደችን። እንግዲህ የሰሊጡ ዘይት እዚህ ጋ ነው። ማለዳና ማታ እማዬ ጭን ላይ በጎኔ እተኛለሁ፤ ማንኪያውን በእጅ አንጓዋ ላይ ጠብ አድርጋ ሙቀቱን ትለካለች፤ ከዚያ ዘይቱ ይገባል፤ ዓለም ጭራሽ ይዘጋል። ጥጥ ትከትበትና ፀጉሬን ትዳብሰኛለች። የምትለውን አልሰማም፤ ግን ጭኗ ሲንቀጠቀጥ እየዘፈነች እንደሆነ አውቃለሁ።

የቀጠሮው ቀን ሲስተሯ አንገቴ ሥር የብረት ሳህን አስያዘችኝና ለብ ያለ ውኃ በትልቅ ሲሪንጅ ጆሮዬ ውስጥ ረጨች። ጭንቅላቴ ውስጥ ማዕበል ተነሣ። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ አንድ ነገር ተነቀለና ሳህኑ ላይ ጠብ አለ፤ ጠብ ሲልም ሰማሁት!

ዘልዬ ተነሣሁ። ሳህኑ ወደቀ፤ ሲወድቅ ጩኸቱ ግድግዳውን የሰነጠቀ መሰለኝ። የነርሷ ሸበጥ ይንጣጣል። ኮሪደሩ ላይ ሕፃን ያለቅሳል። የራሴ ፀጉር ጆሮዬን ሲነካ እንደ ደረቅ ሣር ይንኮሻኮሻል። «ቀስ፣ ገና አንዱ አለ» አለች ሲስተር። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ወፍራም መስሎኝ ነበር። ሁለተኛው ሲወጣ እማዬ ከኋላዬ ቆማ፣ በጣም በቀስታ፣ ስሜን ጠራችኝ።

«አቤት» አልኳት ሳልዞር።

እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

ቤት ስገባ ቬንትሌተሩ ቋ ቋ ይላል፤ ለካ እውነትም ተበላሽቶ ኖሯል። አባዬ ከውጭ ገብቶ አማርኛ ተናገረ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አማርኛ። ሁሉም ቃል ቦታው ላይ። ያን ያህል ደስ ብሎኝ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ፌስታሌን ከአልጋው ሥር አውጥቼ መጣሁ።

«አባዬ፣ አሁን ስለምሰማ፣ ቢዮ አዋሌ መሄዴ ይቀራል?»

«ምን አልሽ?»

«ቢዮ አዋሌ። እቴቴ ብርሃኔ ጋ። ትሂድ፣ እዚያው ትክረም ያልከው። የሚነገራት አይገባትም፣ ሰው ተማሮባታል ያልከው።»

እናትና አባቴ ተያዩ። አባዬ አልገባውም። እማዬ ግን ቀስ በቀስ እጇን ወደ ግንባሯ ወሰደች።

«ፍየሏ» አለች። «ፍየሏን ነው እኮ! የፋጡማን አዲስ ድርያ ቀሚስ ከገመድ ላይ አውርዳ በላችባት፤ እኔ ነኝ ታሳዝነኛለች ያልኩት።»

ከዚያ ፌስታሉን አየችው። ከፈተችው። የጥርስ ብሩሹን ስታገኝ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ወደ ደረቷ ወሰደችኝ። «አንቺን ልሰድ? እኔ? አንቺን?» ትለኛለች ደጋግማ፤ ልቧ ጆሮዬ ላይ ድው ድው ይላል። አባዬ ከላይ ሆኖ ይስቅ ይሁን ያልቅስ አላወቅኩም። ቀሚሶቼን አንድ በአንድ አውጥቶ መስቀያው ላይ ሰቀላቸው።

ለአባባ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። እማዬ እሱንም ወስዳ አሳየችው። የሚወጣ ነገር የለም፤ የደከመው ውስጡ ነው አሏት። መጥፎ ዜና ነው ብዬ ስጠብቅ እሱ ቀለል ብሎት መጣ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ፊት ለፊቱ ሆኖ፣ ቀስ ብሎ ያናግረው ጀመር። አዴ ፋጡማ እንኳ ከግቢው ማዶ መጮኋን ትታ መጥታ ትከሻውን ነክታ፣ «አንተ! ለካ አትሰማም? እኔ እኮ ኮርተህብኝ ነበር የመሰለኝ!» አለችው። አባባ ሳቀ። ያልሰማውን «አልሰማሁም» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ይህችን አንዲት ቃል በማለቱ ትከሻው የተቃና መሰለኝ።

ግን ማለዳ ማለዳ ጫማውን ቀብቶ ኒሙ ሥር መቀመጡ አልቀረም። ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው እማዬን ለመንኳት።

«እኔ እሰማለሁ» አልኳት። «ባጃጅ ሲመጣ ከሩቅ ነው የምሰማው። እኔ ልውሰደው።»

እማዬ ወደ ኒሙ ሄዳ አባባ ፊት ቁጢጥ አለችና ዓይኑን እያየች፣ «ነገ አንተ አድርሳት» አለችው። «በእግረኛ መንገድ። ስትሻገሩ ‹አሁን› የምትለው እሷ ትሁን።»

በነጋታው አባባ ባርኔጣውን ሁለቴ ቦረሸ። ከዚራ ውስጥ በዛፎቹ ሥር ሄድን። ማለዳው ገና አልሞቀም። ስንሻገር ቆም አድርጌው አዳመጥኩና «አሁን» አልኩት፤ እሱም ታዘዘኝ። ማዶ ከደረስን በኋላ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ጆሮው አጠገብ ሆኜ፣

«ወፎቹ ዛሬ እንዴት ይጮኻሉ!» አልኩት።

ቆመ። «የቶቹ ወፎች?»

«እነዚህ። ዛፉ ላይ ያሉት።»

ቀና ብሎ አየ። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ምንም አይታይም።

«ከዚህ ሰፈር ወፍ ከጠፋ ቆየ እኮ» አለ። «ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ነው የሄዱት። ድሮ በማለዳ አያስተኙም ነበር። የመኪናው ጭስ አባረራቸው ብዬ …»

እዚህ ላይ አቋረጠ። ዛፉን አየ፤ እኔን አየ።

«አሉ?»

«አሉ፣ አባባ።»

«ብዙ ናቸው?»

«በጣም ብዙ ናቸው። የሚጣሉ ይመስለኛል።»

«አልሄዱማ» አለ። ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ጠረገ። «እዚሁ ነበሩ። እሰይ! እዚሁ ነበሩ!»

የዛፉ ሥር ላይ ቁጭ አለና እጄን ይዞ፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው እንዴት እንደሚመልስለት፣ ትልቁ ድምፅ ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚመጣ አንድ በአንድ አስነገረኝ። ደወሉ ሲደወል እኔ ሰማሁት፤ ግን ተነሥ ማለት አልቻልኩም።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቲቸር አስቴር ጠበቀችን። የእሱን ነገር ሰምታ ስለነበር ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ቃሉን ለይታ፣ «ምነው አባት፣ የት ቆያችሁ?» አለችው።

አባባ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አነሣላት።

«ወፍ እየሰማን ነበር» አላት።